ጌም ኮምፒውተር በቤት ስንገጣጥም፦ የትኛው ካርድ፣ የትኛው ፕሮሰሰር፣ የትኛው ዲስክ?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። ሁለቱም ላይ የጌም ኮምፒውተር ዕቃ ተዘርዝሯል። አንዱን ጓደኛው ነው የጻፈለት፤ ሌላውን ራሱ ዩቲዩብ ላይ ሲያይ አምሽቶ ያወጣው ነው። «ጋሼ፣ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» አለኝ።

ዕቃውን የምታመጣለት ዱባይ ያለችው አክስቱ ናት። ቡር ዱባይ ውስጥ የኮምፒውተር ጎዳና የሚባል ሰፈር አለ፤ ምርጫው ሰፊ ነው። ችግሩ ግን ከሻንጣ የወጣ ዕቃ ተመላሽ የለውም። ዋስትናው እዚያ ነው፣ ዕቃው እዚህ ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚያወዳድሩት ፈረንጆች ካልሠራላቸው በሳምንቱ መልሰው ይልኩታል። ስለዚህ የእነሱ ምርጫ ለእኛ እንዳለ አይሆንም። እኔ እያንዳንዱን ዕቃ በሁለት ጥያቄ ነው የምመዝነው። ቢበላሽ ስንት ወር ያስቀምጠኛል? መብራትና ኢንተርኔት ሲያስቸግሩስ ምን ይሆናል?

የብር ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ አንድ ቦታ አልረጋም፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ከወር በኋላ ያሳስታችኋል። የምትገዙ ቀን ሦስት ሱቅ ጠይቁ።

ግራፊክስ ካርድ

የአብዛኛው ሰው ስክሪን ፉል ኤችዲ ነው፣ 1920 በ1080። ብዙ ልጆች ደግሞ የሳሎኑን ቴሌቪዥን ነው የሚሰኩት፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ አያሳይም። ለዚህ ሦስት ካርዶች ይበቃሉ፦ አርኤክስ 6600፣ አርቲኤክስ 3060 እና አርቲኤክስ 4060።

አርኤክስ 6600 የኤኤምዲ ነው። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፣ 132 ዋት ይወስዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሦስቱ ርካሹ እሱ ነው። ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ጥላን እውነተኛ የሚያስመስለውን ምርጫ) ካልከፈታችሁበት ከ3060 ብዙም አይርቅም። አርቲኤክስ 3060 በፈረንጆቹ 2021 የወጣ ነው፤ 12 ጊጋባይት ይይዛል፣ ግን 170 ዋት ይበላል። አርቲኤክስ 4060 በ2023 መጣ። ሚሞሪው ወደ 8 ወርዷል፤ ሆኖም በፉል ኤችዲ ከ3060 ይፈጥናል፣ የሚወስደውም 115 ዋት ብቻ ነው።

ልጁ ጌም ብቻ ከሆነ የሚፈልገው 4060ን ይያዝ። በተለይ ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆየው ሳጥን) ጋር ሲሠራ የ55 ዋት ልዩነት ቀላል አይደለም። ገንዘቡ ካጠረ 6600። 3060ን የምመርጠው ለሌላ ሰው ነው፦ ቪዲዮ ለሚቆርጥ፣ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ሥዕል ፕሮግራም ለሚሠራ፣ ቤቱ ውስጥ የኤአይ ሞዴል ለሚሞክር። እዚያ 12 ጊጋው ዋጋ አለው። ግን ተጠንቀቁ፣ 8 ጊጋ ያለው 3060ም አለ፤ ከባለ 12ቱ ይዘገያል። ሻጩ «3060 ነው» ካላችሁ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሚሞሪ በዓይናችሁ አንብቡ።

ያገለገለ ካርድ ከሆነ ደግሞ ሳትሞክሩ አትክፈሉ። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በፈረንጆቹ መስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩን ሲያቆም ሌት ተቀን ሲነዱ የኖሩ ካርዶች ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። አንዳንዶቹ ደህና ናቸው፣ አንዳንዶቹ ፋናቸው አልቋል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱ። ስሙ ተቀይሮ የተሸጠ አሮጌ የኤንቪዲያ ካርድ ሲያገኝ ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፍላችኋል። ከዚያ ከባድ ጌም ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት አስኪዱት።

ፕሮሰሰር

የጓደኛው ወረቀት የኤኤምዲውን ራይዘን 5 5600 ይላል፣ የእሱ ደግሞ ራይዘን 5 7600። ሁለቱም ባለ 6 ኮር ናቸው። 5600 ዲዲአር4 የሚባለውን የቆየ የራም ዓይነት ይቀበላል፣ ማዘርቦርዱም ረከስ ይላል። 7600 አዲሱ ኤኤም5 ሶኬት ላይ ይቀመጣል፤ ኤኤምዲ ይህን ሶኬት ቢያንስ እስከ ፈረንጆቹ 2027 እደግፋለሁ ብሏል። ወደፊት ፕሮሰሰሩን ብቻ መቀየር ይቻላል ማለት ነው። ነገር ግን ከአዲሱ ራም፣ ከዲዲአር5 ውጪ አይቀበልም። ከፈረንጆቹ 2025 መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ አምራቾቹ ወደ ኤአይ ማዕከላት ፊታቸውን ስላዞሩ የራም ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ዲዲአር4ም አልቀረለትም፣ ዲዲአር5 ግን ባሰበት።

እኔ ሦስተኛ ስም ጻፍኩለት፦ የኢንቴል ኮር አይ5-12400፣ ያለ ኤፍ። ጌም ላይ ከ5600 ጋር እኩል በሉት። ልዩነቱ ፊደሏ ላይ ነው። 12400ኤፍ የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ 12400 አለው። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም «ኤፍን ግዙ፣ ይረክሳል» ነው የሚሉት። እዚህ ግን አስቡት። ካርዱ ቢቃጠልና ምትኩ በሚቀጥለው ሻንጣ ቢመጣ፣ ምናልባት ሦስት ወር ነው። ኤፍ የገዛ ሰው ሦስት ወር ጥቁር ስክሪን ያያል። ያለ ኤፍ የገዛ ኬብሉን ከካርዱ ነቅሎ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል፤ ጌሙ ቢቀርም ትምህርቱን ያጠናል፣ ፊልሙን ያያል። 5600ም የራሱ ግራፊክስ የለውም። 7600 አለው፤ የራሙን ዋጋ የቻለ እሱን ቢወስድ አልቃወምም።

ራሙ 16 ጊጋ ይሁን፣ ግን ባለ 8 ሁለት እንጂ ባለ 16 አንድ አይሁን። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ይፈጥናሉ። ማዘርቦርዱን ስትገዙ ዲዲአር4 መሆኑን እዩ፤ ለ12400 ሁለቱም ዓይነት ይሠራል፣ አንዱ የሌላውን ራም ግን አይቀበልም።

ማከማቻ፦ ልጁና እኔ ያልተግባባንበት

ሁለቱም ወረቀቶች ላይ ሃርድ ዲስክ የለም። የእሱ «ኤንቪኤምኢ 1 ቴራ» ይላል፣ አለቀ። ኤንቪኤምኢ ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት ነው፤ ኤስኤስዲ ደግሞ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ ነው። «ሃርድ ዲስክማ የድሮ ነው» አለኝ። ፍጥነት ብቻ ካየን ልክ ነው። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚሄደው። ሳታ በሚባለው የቆየ ማገናኛ የሚሠራ ኤስኤስዲ 550 ገደማ ይሄዳል። ሦስተኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ 3500፣ አራተኛው 7000 ይደርሳል። እንደ ስታርፊልድና ሳይበርፐንክ 2077 ያሉ ጌሞችም ኤስኤስዲ ካልሆነ ብለው መስፈርታቸው ላይ ጽፈዋል። ጌም ከሃርድ ዲስክ አስነስቶ መጫወት በእርግጥ አብቅቶለታል።

ግን እስቲ አብረን እናስላ ብዬ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ብቻውን 150 ጊጋባይት ይፈልጋል። ቤታቸው ያለው ኢንተርኔት 10 ሜጋቢት ነው። ሳይቋረጥ፣ ሌላ ማንም ሳይጠቀም፣ መብራት ሳይጠፋ ቢወርድ 33 ሰዓት ነው። አንድ ቴራው ዊንዶውስ ላይ 931 ሆኖ ነው የሚታየው። አምስት ስድስት ትልልቅ ጌም ሲሞላው አንዱን ያጠፋል። ከወር በኋላ ያንን ጌም ሲያምረው እንደገና 33 ሰዓት። ያው ጌም ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ቢሆን ወደ ኤስኤስዲው ለመመለስ 17 ደቂቃ ይበቃዋል። ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ስቲም ራሱ ጌሙን ከዲስክ ዲስክ የሚያዛውር ምርጫ አለው፤ የደረሰበት ደረጃም ሆነ ፋይሉ አይነካም።

ልጁ ዝም ብሎ ቁጥሩን አየ። ሃርድ ዲስክ ጎተራ ነው፣ ኤስኤስዲ ማድቤት። ማድቤት ውስጥ ጤፍ በኩንታል አይቀመጥም።

ጎተራው ከውስጥ የሚገጠም ይሁን ወይስ በዩኤስቢ የሚሰካ? የውስጡ ትንሽ ይፈጥናል፣ ከጠረጴዛም አይወድቅም። እኔ ግን ባለ 2 ቴራውን የዩኤስቢ እመርጣለሁ። ምክንያቱም ጓደኛው ቤት ፈጣን የፋይበር ኢንተርኔት አለ። ሁለቱም በየአካውንታቸው ጌሙን ከገዙት፣ ዲስኩን ይዞ ሄዶ የጌሙን ፎልደር ገልብጦ ይመጣል። ስቲም ፋይሉን አመሳክሮ የጎደለችውን ብቻ ያወርዳል። ይህን ብዙ ልጆች አያውቁትም፣ የሚያተርፈው ሰዓት ግን ብዙ ነው። ዲስኩ ሲመጣ በእጅ ቦርሳ ይምጣ፤ ሻንጣ እየተወረወረ ነው የሚጫነው።

ከደኅንነት ካሜራ ሱቅ የሚገኘው ባለ ሐምራዊ ምልክት ሃርድ ዲስክስ? ለጎተራነት ምንም አይለውም፣ የተሠራው ቀን ከሌት ለመጻፍ ነው። ያገለገለ ከሆነ ግን ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ አስገብታችሁ የሠራበትን ሰዓት እዩ። 05 እና ሲ5 በሚሉት ረድፎች፣ የተበላሹ ቦታዎችን በሚቆጥሩት፣ መጨረሻ ላይ «ሮው ቫልዩስ» ከሚለው ሥር ዜሮ ካልሆነ አመስግናችሁ መልሱለት።

አሁን ወደ ኤስኤስዲው። ሳታ ወይስ ኤንቪኤምኢ? ጌም ሲከፈት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ዋጋቸው ከተቀራረበ ኤንቪኤምኢ፤ ኬብልም አይፈልግም። አራተኛው ትውልድ ላይ ግን ለፍጥነቱ ብላችሁ አትጨምሩ። የጓደኛው ወረቀት ላይ ኤ520 ማዘርቦርድና ሳምሰንግ 990 ፕሮ አብረው ተጽፈው አየሁ። ያ ማዘርቦርድ ከሦስተኛው ትውልድ አያልፍም። 7450 ተብሎ የተገዛው ዲስክ 3500 ገደማ ላይ ይቆማል። የተከፈለው ትርፍ ገንዘብ በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ የምመክረው የውስጡን የሚሞሪ ቺፕ ዓይነት እንድታዩ ነው። ቲኤልሲና ኪውኤልሲ ይባላሉ። ሁለት የሳምሰንግ ሳታ ዲስኮችን፣ ሁለቱንም ባለ 1 ቴራ፣ ውሰዱ። 870 ኢቮ ቲኤልሲ ነው፤ ለ600 ቴራባይት ጽሕፈት ዋስትና አለው፣ ፍጥነቱም አይወርድም። 870 ኪውቪኦ ኪውኤልሲ ነው። ዋስትናው 360 ነው፤ 42 ጊጋባይት ገደማ በፍጥነት ከጻፈ በኋላ ግን ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። ከሃርድ ዲስኩ በታች! ጌም አንዴ ጭኖ ለሚያነብ ሰው አይታወቀውም። እንደ እኛ ከጎተራ ወደ ማድቤት 150 ጊጋ ለሚያመላልስ ግን ያ 17 ደቂቃ ወደ 27 ይሄዳል። የኤንቪኤምኢዎቹም ነገር እንዲሁ ነው። ሻጩ ላያውቅ ይችላል፤ ሞዴሉን ጽፋችሁ ቤት ሆናችሁ ፈልጉ።

አንድ ወጥመድ አለ። ትንሿ የማስቲካ መጠን ያላት ኤም.2 ሁሉ ኤንቪኤምኢ አይደለችም። ሳታ የሆነችም አለች፤ መልካቸው አንድ ነው። ጫፏ ላይ ሁለት ቦታ የተቆረጠች ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ናት፣ አንድ ቦታ ከሆነ ኤንቪኤምኢ። ማዘርቦርዱ የትኛዋን እንደሚቀበል ማኑዋሉ ላይ አለ።

ፓወር ሰፕላይና ዩፒኤስ

እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። የመጀመሪያውን ኮምፒውተሬን ስገጣጥም «600 ዋት» የሚል ቀላል ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ሳጥን፣ ገዛሁ። በእጅ ስትይዙት ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ሲመጣ ጧ አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። እሱ ብቻ ቢሞት ምን ነበር፣ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ለዚህ ኮምፒውተር 550 ዋት ይበቃል፤ ግን 80 ፕላስ ብሮንዝ (ኤሌክትሪክ ያለማባከን ደረጃ ነው) ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ስሙ የታወቀ ይሁን።

ጀርባው ላይ ቀይ ማብሪያ ካለ 115 ወይስ 230 እንደሚል እዩ። አሜሪካ ካለ ዘመድ የመጣ 115 ላይ ሆኖ የእኛ 220 ላይ ሲሰካ በቅጽበት ይፈነዳል። ጥሩዎቹ ከ100 እስከ 240 ራሳቸው ስለሚለዩ ማብሪያም የላቸውም።

ስታቢላይዘር ወይስ ዩፒኤስ? ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ያስተካክላል፣ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ጌም ሲዛወር መሐል ላይ ቢጠፋ ፋይሉ ይበላሻል። ስለዚህ ዩፒኤስ። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ቪኤ ዋት አይደለም፤ 650 ቪኤ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። 4060 ያለው ኮምፒውተር ጌም ላይ 230 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ስክሪኑ ሲጨመር ወደ ዩፒኤሱ አቅም ይጠጋል። አጥፍቶ ለመነሳት ይበቃል፣ ለመጫወት አይበቃም።

ኬዙ ፊቱ መስታወት ሳይሆን ወንፊት ይሁን። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ፋን ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። በበጋ አቧራውን በየወሩ ጥረጉ።

አክስቱ የምትመጣው ለጥምቀት ነው፣ የምትቆየው 10 ቀን። ስለዚህ በመጣች ማታ እንገጣጥማለን። ኤስኤስዲውን እስኪሞላ ጽፎ መልሶ በሚያነብ ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባል ፕሮግራም እንፈትሻለን፤ ያልያዘውን መጠን እይዛለሁ የሚል ዲስክ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ካርዱን ሁለት ሰዓት ጌም እናስኬድበታለን። ራሙን በሜምቴስት ሌሊቱን እናሳድረዋለን። ደረሰኞቹን በፖስታ አድርጌ ካርቶኖቹ ላይ እለጥፋለሁ፤ አንዱ ዕቃ ከተበላሸ በዚያው ሻንጣ ተመልሶ ይበራል።