የፔዳል ክንድ መንቀያና የመሃል ኩሽኔታ መፍቻ፦ ገዝቼ ስሠራባቸው ያየሁት

የምጽፈው ስለ ሁለት ብረቶች ነው። አንዱ የሳይክል ፔዳል የታሰረበትን ክንድ ከፔርኖው (ሁለቱን ክንዶች ከሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ይነቅላል። ሌላው ፔርኖው የሚዞርበትን የመሃል ኩሽኔታ ይፈታል። አብረው በአንድ ላስቲክ ታሽገው ይሸጣሉ። ስም የላቸውም፣ የቻይና ናቸው። እኔ ያገኘኋቸው እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ የሳይክል ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። ለዋጋቸው በጣም ጥሩ ናቸው። ግን ሳይክላችሁን ሳታዩ እንዳትገዙ።

ለምን? ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ሁሉም ዓይነት ሳይክል ይነዳባታል። እንደ ፊኒክስ ባሉት የድሮ ሳይክሎች ላይ ክንዱን የሚይዘው ከጎን የሚገባ ሽብልቅ ነው። ለነሱ ይህ መንቀያ ምንም አይሠራም፤ ዳዶውን ፈትቶ ሽብልቁን መግፋት ነው። መንቀያው የተሠራው የፔርኖአቸው ጫፍ አራት ማዕዘን ለሆነ ማርሽ ያላቸው ሳይክሎች ነው። የፕላስቲክ ክዳኑን አንሱና ዕዩ። መሃል ላይ ብሎን፣ ዙሪያውን ደግሞ ባዶ ጥርስ (እንደ ብሎን ጠመዝማዛ መስመር) ከታያችሁ የናንተ ነው።

እኔ መሣሪያውን እንድገዛ ያደረገኝ አንድ ሠራተኛ ነው። ክንዱን በመዶሻ እየመታ አወጣው። ጠባሳው አሉሚኒየሙ ላይ እስካሁን አለ። ያ ሁሉ ምት የሚያርፈው ደግሞ ኩሽኔታው ላይ ነው። በጣም ነበር ያናደደኝ።

በመንቀያው ግን ሥራው የሰላም ነው። መጀመሪያ ብሎኑ በ14 ቡሶላ (ብሎኑ ራስ ላይ የሚጠልቅ ክብ መፍቻ) ይፈታል። ቡሶላው ግድግዳው ቀጭን ይሁን፤ ወፍራሙ ጉድጓዱ ውስጥ አይገባም። ሮንዴላ (ከብሎኑ ሥር የሚገባ ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት) ካለ እሱንም አውጡ። ውስጥ ከቀረ መንቀያው የሚገፋው ፔርኖውን ሳይሆን ሮንዴላውን ነው። የክንዱን ጥርስ በጥርስ ብሩሽ አጽዱና መንቀያውን በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው አስገቡ። መንቀያው ብረት ነው፣ ክንዱ ግን አሉሚኒየም ነው። ተጣሞ ከገባ የሚበላው የክንዱ ጥርስ ነው። ከዚያ የመሃሉን ዘንግ በመፍቻ ስታጠብቁ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ «ጧ» ይልና ክንዱ እጃችሁ ላይ ይቀራል። የኔ መንቀያ ጫፉ ብቻውን ስለሚዞር ፔርኖውን አይፍቀውም። ይህን ወድጄለታለሁ።

ሁለተኛው ብረት ባለ 20 ጥርስ ነው። ለታሸገ፣ ማለትም ከነፔርኖው አንድ ሆኖ ለተዘጋ ኩሽኔታ ይሆናል። ጥርሱ ጥልቀት የለውም፤ ስትጫኑት ይንሸራተታል። መፍትሔ አለው፦ የክንዱን ብሎን ከሰፊ ሮንዴላ ጋር በመሣሪያው መሃል አሳልፋችሁ ፔርኖው ላይ እሰሩት። ያን ጊዜ ንቅንቅ አይልም። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ ትልቅ መፍቻ ያስፈልጋችኋል።

ትልቁ ቅሬታዬ ይህ ነው፦ ከዕቃው ጋር አንድም ወረቀት የለም። በአብዛኞቹ ሳይክሎች ላይ ሰንሰለቱ ባለበት በቀኝ በኩል ኩሽኔታው የሚታሰርበት ጥርስ ግልብጥ ነው። የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው። የግራው እንደማንኛውም ብሎን ነው። ይህን ያላወቀ ሰው እየፈታሁ ነው ብሎ ባለ በሌለ ጉልበቱ ያጠብቀዋል። አምራቹ አንድ ቀስት ቢስልበት ምን ነበረበት?

ኩሽኔታው ሲወጣ ሳይክሌን ገልብጬ አራገፍኩት። ግራጫ ጭቃ ከነአሸዋው ወረደ። የከተማችን አሸዋ ደቃቅ ነው፣ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። የዝናብ ውሃ ደግሞ ከመቀመጫው በኩል በቱቦው ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። የውስጡን ጥርስ በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጸዳሁት፣ በጨርቅ አደረቅኩት። የታሸገውን ኩሽኔታ ግን ጋዝ ውስጥ እንዳትነክሩት። ውስጡ ያለውን ግራሶ ያጥበዋል። ውጪውን ጥረጉና ፔርኖውን በጣት አዙሩት። ለስላሳ ከሆነ ይመለስ። ከኮረኮረ ወይም ከተወዛወዘ አዲስ ግዙ፤ የሚጠገን ነገር የለውም።

ሲመለስ ጥርሱ ላይ ግራሶ በደንብ ይቀባል፣ መጀመሪያ በእጅ ይገባል። የክንዱ ብሎን የሚፈልገው ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) ነው። መለኪያ ያለው መፍቻ ከሌላችሁ እጀታው ረዘም ባለ መፍቻ ጠንከር አድርጋችሁ እሰሩ። ላልቶ ከተነዳ የክንዱ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ብታጠብቁት አይዝም። ስለዚህ ትንሽ ነድታችሁ ደግማችሁ አጥብቁ።

ሱቁን በተመለከተ፣ ባለሱቁ ጨዋ ነው። ላስቲኩን ከፍቼ ጥርሱን እንዳይ ፈቀደልኝ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ፤ ከቀረቡልኝ መንቀያዎች አንዱ ጥርሱ ላይ የብረት ፍቅፋቂ ነበረው፣ መለስኩት። ቡሶላውን ግን እዚያ አታገኙም፤ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡት ጋ ጠይቁ።