ኤም 40 ኤክስ ወይስ ኤም 50 ኤክስ? ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለምትሠሩ

ቤቱ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ መሥራት የጀመረ ጓደኛዬ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «ኤም 50 ኤክስ የሚባለውን ሄድፎን ልግዛ?» ስሙ ገኗል። ቪዲዮ ላይ፣ የስቱዲዮ ፎቶ ላይ፣ ማይክ ፊት የቆመ ዘፋኝ ጆሮ ላይ ይታያል። የእኔም መልስ ሁሌ አንድ ነው። ርካሹን ወንድሙን ኤም 40 ኤክስን ግዙ፤ በሚተርፈው ገንዘብ ትርፍ ገመድና የጆሮ ስፖንጅ ግዙ። ምክንያቴ በአንድ የስልክ ወሬ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ሁለቱም የኦዲዮ ቴክኒካ ናቸው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጡ። ጀርባቸው ዝግ ነው። ስለዚህ ዘፋኙ ሲቀዳ የሚሰማው ሙዚቃ ወደ ማይኩ ብዙም አያፈተልክም። አንዱ 35 ኦም፣ ሌላው 38 ኦም ስለሆነ (ኦም የሄድፎኑ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ነው) ላፕቶፕም ሆነ ስልክ በቂ ድምፅ ያወጣባቸዋል። ሻጭ የሚያጋንነው ልዩነት የውስጧን ስፒከር ስፋት ነው፤ 40 እና 45 ሚሊ ሜትር። ለዚያ ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ። የስፒከሯ ስፋት ድምፁ ትክክል ይሁን አይሁን አይነግራችሁም።

ቁም ነገሩ ቤዙ ላይ ነው። ኤም 50 ኤክስ ቤዙን ከፍ አድርጎ ያሰማል። ለማዳመጥ ደስ ይላል፤ ሚክስ ስታደርጉ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥናችሁ ስታዋህዱ) ግን ጆሮን ይሸውዳል። ኪኩ (የትልቁ ከበሮ ምት) ሞልቶ ስለሚሰማችሁ ዝቅ ታደርጉታላችሁ። ቤዝ ጊታሩንም ትቀንሱለታላችሁ። ከዚያ ያንኑ ሥራ መኪና ውስጥ ስትከፍቱት ዘፈኑ ሳስቶ ቁጭ ይላል። ኤም 40 ኤክስ ከዚህ ይልቅ የተስተካከለ ድምፅ አለው። ፍጹም ነው አልልም፤ ግን የሰማችሁትና ውጭ የሚሰማው ይቀራረባል። ሚክስ ለሚያደርግ ሰው ከዚህ በላይ የሚፈለግ ነገር የለም።

ዋጋውስ? ኤም 40 ኤክስ አብዛኛውን ጊዜ የኤም 50 ኤክስን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። በቀሪው አንድ ሦስተኛ መለዋወጫ ይገዛል። ደግሞ ዋጋ ስታነጻጽሩ የሄድፎኑን ብቻ አትዩ። የሦስት ዓመት ሂሳብ አስሉ። ሄድፎኑ ሲደመር ቢያንስ አንድ ገመድ፣ ሲደመር ስፖንጅ፣ ሲደመር ኦሙ ከፍ ያለ ከሆነ የሚያስፈልገው ኢንተርፌስ (ማይክና ሄድፎንን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ሳጥን) ወይም አምፕ (ድምፅ ማጉያ)። መጀመሪያ ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ እዚህ ሂሳብ ላይ ይጋለጣል።

ስለ ገመድ ልናገር፤ ምክንያቱም ሄድፎንን የሚገድለው እሱ ነው። ስፒከሯ ብዙ ዓመት ትኖራለች። ገመዱ ግን ከጃኩ (ከሚሰካው ጫፍ) አንገት ላይ በየቀኑ ይታጠፋል። አንድ ቀን ግራው ጠፋ፤ በጣታችሁ ስትጎነብሱት መጣ፤ ስትለቁት ጠፋ። ውስጡ ተበጥሷል ማለት ነው። በፕላስተር መጠቅለል አያድነውም። ተቆርጦ አዲስ ጃክ መበየድ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ጠጋኝ ይሳሳታል። የሄድፎን ገመድ ሲላጥ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ፣ እና የመዳብ ቀለም ያላቸው። ቀለሙ ጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ ሽቦውን ከሽቦ የሚለይ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ በእሳት ወይም በመበየጃው ሙቀት ካልተነሳ ብየዳው ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይዝም። ሱቁ ውስጥ ይሠራል፤ ቤት ስትደርሱ ይጠፋል። ስታሠሩ አጠገቡ ቁሙና «ሽፋኑን አንሥተኸዋል?» በሉት።

ኤም 40 ኤክስ ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ገመዱ ጠምዘዝ ተደርጎ ይነቀላል። ከሄድፎኑ ጋር ሁለት ገመድ ይመጣል፤ አንዱ 3 ሜትር ቀጥ ያለ፣ ሌላው የተጠቀለለ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው። መሰኪያው 2.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ የራሱ መቆለፊያ ስላለው ያገኛችሁት ቀጭን ጃክ ሁሉ አይገባም። ትርፍ ስትገዙ ለዚህ ሞዴል የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ።

አሁን ወደ ሶኒ ኤምዲአር-7506። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በየስቱዲዮውና በየሬዲዮ ጣቢያው የኖረ ዕቃ ነው። ዋጋውም ከኤም 40 ኤክስ ብዙ አይርቅም። የላይኛውን ድምፅ ገላልጦ ያሳያል። የከንፈር ጠቅታ፣ የማይክ ሹክሹክታ፣ ቅጂው የተቆረጠበት ቦታ፣ «ሰ» እና «ሸ» ላይ የሚወጋ ጩኸት አያመልጠውም። ሥራችሁ ድምፅ መቅዳትና ማጽዳት ብቻ ቢሆን ይህን ውሰዱ ብዬ እመክራችሁ ነበር። ግን ገመዱ አይነቀልም፤ ሲበጠስ ከላይ ያልኩት ብየዳ ውስጥ ትገባላችሁ። ረጅም ሰዓት ሲሠሩበትም ጥርት ማለቱ ጆሮ ያደክማል። ኮፒውም ሞልቷል።

ስለ ኮፒ። አንድ ጓደኛዬ ስሙ የታወቀ ሄድፎን «ኦርጅናል ነው» ተብሎ በግማሽ ዋጋ ገዛ። ካርቶኑ እንከን የለውም፤ ጽሑፉም ያምራል። ጆሮዬ ላይ አድርጌ አንድ ዘፈን ስከፍት ግን ዘፋኙ መሐል መሆን ሲገባው ወደ ሁለቱ ጎን ተበትኗል፤ ቤዙም ጠፍቷል። የአንዱ ጎን ሽቦ ተገልብጦ ነበር የተበየደው። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ መሐል ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ከፍቶ ሽቦዎቹን ማዘዋወር ይቻላል፤ አዘዋወርንለትም። ድምፁ መሐል መጣ። የቆርቆሮ ድምፁ ግን እንዳለ ቀረ፤ ስፒከሯ ራሷ ርካሽ ናትና።

ስለዚህ ገንዘብ ሳትከፍሉ ፈትኑ። በደንብ የምታውቁትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ። ዘፋኙ ልክ ጭንቅላታችሁ መሐል ይሰማል? ግራና ቀኙ በቦታው ነው? ከዝቅተኛው ቤዝ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚወጣ አንድ ድምፅ ስልካችሁ ላይ ጫኑና ክፈቱት፤ የሚነዝር ነገር ካለ ስሙ። አንዳንዴ ነዘሩ የሚመጣው ስፒከሯ ላይ ካረፈች አንዲት ፀጉር ነው፤ ያ ስፖንጁ ተነሥቶ ይጸዳል። ከሁሉም በላይ ግን ዋጋው በግማሽ ከወረደ አትግዙ። እነዚህ ሞዴሎች ቅናሽ ይኖራቸዋል፤ አዲስ ሆኖ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠውን ግን እኔ ኮፒ ነው ብዬ ነው የማልፈው።

ጀርባቸው ክፍት የሆኑትን የሚጠይቁኝም አሉ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ጥሩ ዕቃ ነው። ጆሮ አያፍንም፤ ስፖንጁ ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ መለዋወጫው ለየብቻ ይሸጣል። ግን 250 ኦም የሆነውን ከስልክ ጋር ብታገናኙት ድምፁ ደካማ ይሆናል። ጥሩ ኢንተርፌስ ከሌላችሁ የኢንተርፌሱን ዋጋ ጨምራችሁ አስቡት። ገመዱም አይነቀልም። 8 ሺህ ኸርትዝ አካባቢ ያለውን የላይኛውን፣ ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል። ሲምባሉ ስለሚወጋችሁ ትቀንሱታላችሁ፤ ሥራው ሌላ ቦታ ሲከፈት ደብዘዝ ይላል። ክፍት ስለሆነም ለመቅጃ አይሆንም፤ ሜትሮኖሙ (የፍጥነት መጠበቂያው ምት) ማይኩ ውስጥ ይገባል። ወንድሙ ዲቲ 770 ፕሮ ዝግ ነው፤ የላይኛው ድምፅ ጉዳይ ግን እሱም ላይ አለ።

ገንዘብ የማይጨንቀው ሰው ሰንሃይዘር ኤችዲ 600ን ይግዛ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሆኖ ዛሬም ይሸጣል። የድምፃዊና የመሣሪያን መካከለኛ ድምፅ እንደ እሱ የሚያሳይ ጥቂት ነው። ስፖንጁም፣ ገመዱም፣ የራስ ማሰሪያው ትራስም ያለ ብየዳ ይቀየራል። ዋጋው ግን የኤም 40 ኤክስ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። 300 ኦም ስለሆነ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ይፈልጋል፤ በጣም ዝቅተኛው ቤዝም ይሳሳበታል። የመጀመሪያችሁ ከሆነ ይቆይ።

ብሉቱዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኪቦርዱን ስትነኩና ድምፁ ሲመጣ መሐል ክፍተት አለ፤ በዚያ ላይ መጫወት አይቻልም።

የኤም 40 ኤክስ ትልቁ ችግር ስፖንጁ ነው። ጠባብና ስስ ነው፤ ጆሮ ይነካል፤ ረጅም ሰዓት ሲቆይ ያሞቃል። ሰው ሠራሽ ቆዳውም ከጊዜ በኋላ ይላጣል፤ ጥቁር ቅርፊቱ ጆሮና አንገት ላይ ይቀራል። ወፍራም ስፖንጅ መግጠም ይቻላል፤ ምቾቱ ሌላ ነው። ግን ስፒከሯን ከጆሮ ስለሚያርቃት ድምፁ ይለወጣል። የጨርቅ ከሆነ ደግሞ ቤዙ ሊቀንስ ይችላል። ከቀየራችሁ በኋላ የምታውቋቸውን ዘፈኖች ደጋግማችሁ ስሙና ጆሯችሁን እንደገና አስለምዱ። የድሮውን ስፖንጅ አትጣሉ።

የትኛውንም ብትገዙ አንድ ነገር አይቀርም። ከስፒከር የሚወጣ ድምፅ ሁለቱም ጆሮ ጋ ይደርሳል፤ በሄድፎን ግን የግራው ለግራ ጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ጎን ያወጣችሁት ጊታር ከእውነቱ በላይ የራቀ ይመስላል። ሪቨርቡም (ድምፁ ላይ የሚጨመረው ማስተጋባት) ጎልቶ ስለሚሰማ አሳንሳችሁ ትተዉታላችሁ። ሥራውን ሳትጨርሱ በማንኛውም ስፒከር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ አንዴ ስሙት።

ኤም 50 ኤክስ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አትሽጡት። በሽያጩ የምትከስሩት ገንዘብ አዲስ ስፖንጅ ይገዛል። ቤዙ ከፍ እንደሚል አውቃችሁ፣ ጥሩ የተሠራ ዘፈን አጠገባችሁ አድርጋችሁ እያነጻጸራችሁ ሥሩ። አዲስ ስፖንጅ ያስፈልገው እንደሆነ ለማወቅ ዘፈን ክፈቱና ሁለቱን ጎን በእጃችሁ ወደ ጆሯችሁ ጫን አድርጉት። ቤዙ በደንብ ከጨመረ ስፖንጁ አልቋል።