ቴሌግራም ለመስሪያ ቤት ግሩፕ ይሆናል ወይ? ከለጣፊዋ ወገን

እዚህ አዲስ አበባ ስንት ቢሮ አለ ሁሉ ነገሩ ቴሌግራም ላይ የሆነ፣ ስብሰባ ሲጠራ ቴሌግራም፣ የፈቃድ ፎርም ቴሌግራም፣ ደብዳቤው ራሱ ማህተሙ ሳይደርቅ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። እኔ ሰው ሀብት ክፍል ስለሆንኩ ለጣፊዋ እኔ ነኝ።

ደስ የሚለኝ ግሩፑ ከ100 ሰው ካልበለጠ የላካችሁትን ሜሴጅ ስትነኩት ማን እንዳየው በስም ያወጣላችኋል፣ ለ7 ቀን ብቻ ነው ግን ይበቃል፣ "እኔ እኮ አላየሁም" የምትባለዋ ነገር አበቃላት። ግን ማየት ሌላ ማንበብ ሌላ፣ ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ከፍቶት ያልፋል፣ ፒዲኤፉን ማን ይከፍታል፣ ከዛ ኢንቦክስ "እህቴ ባጭሩ ምንድነው የሚለው?" ስለዚህ አሁን ከፒዲኤፉ ስር ምን እንደሚደረግና እስከመቼ እንደሆነ በሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ጥያቄው በጣም ቀነሰልኝ።

ሪአክሽን (ሜሴጁ ላይ በኢሞጂ መመለሻው) እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሲመጣ ተገላገልን ብዬ ነበር፣ ምክንያቱም ድሮ "እሺ" "እሺ" "እናመሰግናለን" ሲደረደር ዋናው ማስታወቂያ ወደላይ ተገፍቶ ይጠፋል። አሁን ደግሞ አለቃ የለጠፈው ላይ ሁሉም አውራ ጣት ነው፣ አበል ተቀነሰ ቢባልም አውራ ጣት 😂 እውነተኛው ምላሽ ያለው አለቃ የሌለበት ግሩፕ ውስጥ ነው (የሌላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ)።

ለኔ ምርጡ ፖል ነው፣ ምርጫ ተሰጥቶ ድምጽ የሚሰጥበት። ካልቀየራችሁት በስተቀር ማን ምን እንደመረጠ አያሳይም። የሰርቪስ መነሻ ሰዓት ሊቀየር ነው ተብሎ ሲለጠፍ ትንፍሽ ያለ የለም፣ ፖል ስናደርገው ግን አብዛኛው ሰው አይመቸኝም አለ፣ ኃላፊያችን ራሳቸው "እንዴ ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ" አሉ፣ አሁንም መልስ የሰጣቸው የለም።

ቮይስ ለመመሪያ በፍጹም አይሆንም፣ ረዥም ቮይስ ጨርሶ የሚሰማ ሰው የለም። ማታ የምትልኩ አለቆች ደግሞ የመላኪያውን ምልክት ተጭናችሁ ብትይዙት ድምጽ ሳያሰማ የሚልክ አማራጭ አለው፣ ኧረ ተጠቀሙበት።

ከ5 አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት እ.ኤ.አ. በ2023 ለወራት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ማስታወቂያ የሚደርሰው ቪፒኤን ላለው ብቻ ስለነበር ነው፣ ኮሪደር ላይ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ አትንቀሉት።