«አቢ ሮድ»ን በሸክላ፦ ከወራት በኋላ የምሰጠው አስተያየት

የእንግሊዙን የሙዚቃ ቡድን የቢትልስን «አቢ ሮድ» የተባለ አልበም በሸክላ ገዝቼ ማዳመጥ ከጀመርሁ ወራት ተቆጥረዋል። የእኔ ቅጂ አልበሙ ሃምሳ ዓመት የሞላበትን እ.ኤ.አ. 2019ን ምክንያት በማድረግ የሙዚቃ አዘጋጁ ጃይልስ ማርቲን እንደ አዲስ ሚክስ ያደረገው (የተቀረጹትን ድምፆች እንደገና ያመጣጠነው) ዕትም ነው። ሸክላ የሚሸጡ ሰዎች ስለ ድምፁ ሙቀትና ስለ 180 ግራም ክብደቱ አብዝተው ይናገራሉ፤ ድምፁ በእርግጥም ጥሩ ነው፣ የፖል ማካርትኒ ቤዝም ጠርቶ ይሰማል፣ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። ግዢውን ያስወደደኝ ግን አንድም ሻጭ ሲያነሣው ያልሰማሁት ነገር ነው፤ ይኸውም አልበሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ተነሥቶ መገልበጥ ግድ መሆኑ።

የመጀመሪያው ገጽ የሚያበቃው «አይ ዋንት ዩ» በተባለው፣ ስምንት ደቂቃ ለመሙላት ጥቂት በሚቀረው የጆን ሌነን ዘፈን ነው። ወደ መጨረሻው አንድ የጊታር ሐረግ ያለማቋረጥ ይደጋገማል፣ ሙግ ሲንተሳይዘር ከተባለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ የወጣ የነፋስ ጩኸትም እየጎላ ይመጣል፤ አድማጭ ድምፁ ቀስ በቀስ ይከስማል ብሎ ሲጠብቅ ሙዚቃው በድንገት ይቆረጣል፤ ሌነን ቴፑ እዚያ ላይ እንዲቆረጥ አዝዞ ነበርና። በስልክ ሳዳምጠው የጆርጅ ሃሪሰን «ሂር ካምስ ዘ ሰን» ወዲያው ስለሚከተል፣ ያ መቆረጥ ኔትዎርክ እንደ ጠፋ ያህል ተሰምቶኝ በቀጣዩ ዘፈን ይረሳ ነበር። በሸክላ ግን መርፌው በመጨረሻው ክብ ላይ ይቀራል፣ እኔም ተነሥቼ እስክገለብጠው ድረስ የዘፈኑ ጭንቀት ከእኔው ጋር ይቆያል። ሃሪሰን ያንን ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1969 ጸደይ፣ ከኩባንያቸው አሰልቺ ስብሰባ ቀርቶ በጊታር ተጫዋቹ በኤሪክ ክላፕተን የአትክልት ቦታ እንደ ጻፈው ከብዙ ጊዜ በፊት አንብቤአለሁ፤ የመገላገል ስሜቱ የደረሰኝ ግን ሸክላውን መገልበጥ ከጀመርሁ ወዲህ ነው።

ሻጩ «መገልበጥ እኮ የሸክላ ጉድለት ነው፤ ለዚህ ብሎ የሚገዛ ማን አለ?» ቢለኝ አልቀበለውም። አራቱ የቢትልስ አባላት ለመጨረሻ ጊዜ በአንድ ስቱዲዮ የተገናኙት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1969 ሲሆን፣ የዚያ ቀን ሥራቸው «አይ ዋንት ዩ»ን መጨረስና የአልበሙን ቅደም ተከተል መመርመር ነበር። ያን ጊዜ በቀረበው አንድ አማራጭ ሁለቱ ገጾች ቦታ ተለዋውጠው ስለነበር አልበሙ በዚያ ድንገተኛ መቆረጥ ያበቃ ነበር ማለት ነው፤ ያ ቢሆን ኖሮ ፈጽሞ ሌላ፣ እጅግም የጨለመ ሥራ በደረሰን ነበር። ስለዚህ የገጽ ለውጡ ሠሪዎቹ አስበው የሠሩበት የአልበሙ አካል ነው። ካሴት እየገለበጥን ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት የምንቸገር አይመስለኝም።

«ማክስዌልስ ሲልቨር ሀመር» የተባለው የመጀመሪያው ገጽ ዘፈን ግን በሸክላም ቢሆን አልተሻሻለልኝም። በሁለተኛው ገጽ ያሉት ተያያዥ አጫጭር ዘፈኖች፣ በተለይም ሪንጎ ስታር ብቻውን ከበሮ የሚመታበትና ሦስቱ ጊታሮች በየተራ የሚቀባበሉበት «ዘ ኤንድ»፣ አሁንም በቃላት የማልገልጸው ደስታ ይሰጡኛል። ከእርሱ በኋላ ለሰኮንዶች ጸጥታ ሆኖ የሚመጣውን የ23 ሰኮንዱን «ሀር ማጀስቲ» እንደማያስፈልግ ስለምቆጥረው ሳይጀምር መርፌውን አነሣለሁ።

ጥሩ ማዳመጫና ያልተጨመቀ ዲጂታል ፋይል ያለው ሰው ለድምፁ ጥራት ብሎ ይህን ሸክላ እንዲገዛ አልመክርም። አልበሙን በቃሉ የሚያውቅና ማጫወቻ ያለው ሰው ግን፣ ዋጋው ውድ መሆኑን እያወቅሁ፣ ያለ ማመንታት ይግዛው እላለሁ፤ እኔም የእኔን ለማንም አልሸጥም።