በወንጀል ችሎት ቃላት ላይ የተዘጋጀች አንዲት መፍቻ

የወንጀል ችሎት ቃላትን ለተራ አንባቢ ለማስረዳት የተዘጋጀችው ይህች ትንሽ መፍቻ ዋና ጥንካሬዋ ተቀራራቢ ቃላትን መለየቷ ነው። «ተጠርጣሪ» ገና ምርመራ የሚካሄድበት፣ «ተከሳሽ» ክስ የቀረበበት፣ «ጥፋተኛ» ደግሞ ፍርድ ቤት ማስረጃውን መዝኖ የወሰነበት ሰው መሆኑን አጥርታ ታስረዳለች (በዕለት ንግግራችን ሦስቱን ስናቀላቅል፣ ያልተፈረደበትን ሰው ወንጀለኛ እያልን ነው)። ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 14 ጠቅሳ፣ የማስረዳት ሸክሙ (ጥፋቱን በማስረጃ የማረጋገጥ ግዴታው) ስለዚህ በዐቃቤ ሕግ ላይ እንደሚወድቅ ታሳያለች። ዋስትናን በሁለት መስመር ማለፏ ግን ቅር አሰኝቶኛል፤ ዋስትና ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን ለመቅረቡ መያዣ እንጂ በነጻ መሰናበት አለመሆኑን ብዙ ሰው ይስታልና። የይግባኝ ክፍሉ በቂ ነው።