የቤንዚን መኪና ከውጭ ልታስገቡ ያሰባችሁ፣ ለትራንዚተር ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን ከጀርመን ለእረፍት መጥቼ አዲስ አበባ መሃል ከተማ ነበርኩ። ሆቴሉ ንጹሕ ነው፣ ቁርሱ ይበላል፣ ውሃ አልጠፋም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

ሽቱትጋርት ያለችኝ መኪና ፖርሽ ቦክስተር ናት። ባለ ሁለት በር፣ 2.7 ሊትር፣ ቤንዚን። ጠቅልዬ የመግባት ሐሳብ ስላለኝ እሷንም ይዤ ልግባ አልኩ። የእህቴ ልጅ ሳቀብኝ። "አጎቴ፣ እሷ እኮ የቦሌን መንገድ እንጂ የሰፈራችንን ጉድጓድ አታልፍም" አለኝ። ይበል።

ዘመድ የጠቆመኝ የጉምሩክ አስተላላፊ (ትራንዚተር) ቢሮ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ሲያዩት ደስ ይላል። የቆዳ ሶፋ አለው፣ ግድግዳው ላይ የመርከብ ፎቶ ተሰቅሏል፣ ማኪያቶ ሳይጠየቅ ይመጣል። ልጁም አፈ ቅቤ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ለእኛ ቀላል ነው። ጠቅልሎ ለሚገባ ሰው የተለየ ፈቃድ አለ፣ እኔ አስወጣልዎታለሁ" አለኝ። ለፋይል መክፈቻ 40 ሺህ ብር ተቀበለኝ። ቀጥሎ ውክልና ይስጡኝ አለ፣ ሰጠሁት። ከዚያ ደግሞ "የቀረጥ ጥናት" ተብሎ ሌላ 25 ሺህ ወጣ። ደረሰኝ ስለው "መጨረሻ ላይ በአንድ እንቆርጣለን" ብሎ አለፈኝ።

ከዚህ በኋላ "ነገ" ተጀመረ። እደውላለሁ ይላል፣ አይደውልም። ስደውል ስብሰባ ላይ ነው። ቢሮ ስሄድ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወርዷል። ከሞጆ ሲመለስ ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ ኃላፊው ፊልድ ወጥቷል። እኔ ደግሞ የመመለሻ ቀኔ የተቆረጠ ሰው ነኝ። ጀርመን ቢሮክራሲ የለም አልልም፣ ሞልቷል። ግን እምቢም ቢሉህ ከነአንቀጹ ጽፈው በፖስታ ይልኩልሃል። እዚህ ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

ጥናቱ በመጨረሻ መጣ። አንዲት ወረቀት ናት። ላይኛው መስመር ላይ የመኪናዋ ዋጋ ከነማጓጓዣና ኢንሹራንሱ ተጽፏል። ከሥሩ ጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ)፣ 15 በመቶ ቫት፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ (ተጨማሪ ታክስ)፣ 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (በቅድሚያ የሚያዝ የገቢ ግብር)። ኤክሳይሱ በ2012ቱ አዋጅ ከ1800 ሲሲ በላይ ለሆነ አዲስ መኪና እንኳ 100 በመቶ ነው፣ ያገለገለ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ቫቱ በቀረጡና በኤክሳይሱ ላይ ይሰላል፣ ሱር ታክሱ ደግሞ በሁሉም ላይ ይደመራል። ድምሩ በእስክሪብቶ ሁለቴ ተሰምሮበታል። አየሁትና ሳቄ መጣ። በዚያ ብር ሽቱትጋርት ውስጥ እሷን የመሰሉ ሌሎች መኪኖች ይገዛሉ።

የሚገርመው ግን ይሄ አይደለም። በራሴ ተነስቼ ጉምሩክ መረጃ ክፍል ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "በምንድን ነው የምትሠራው?" በቤንዚን ስላት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከልክሏል። የሚታየው ሞተሩ ነው፣ እርስዎ ጠቅልለው መግባትዎ አይደለም። ኤሌክትሪክ ከሆነ ይምጡ።" አለቀ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር፣ ያውም በነጻ። እግዜር ይስጣት።

እኔ ግን 65 ሺህ ብር የከፈልኩት ልትገባ ለማትችል መኪና ቀረጥ እንዲሰላልኝ ነው።

በሕጉ አልተናደድኩም። እሺ፣ ትንሽ ተናድጃለሁ። ጀርመን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ኖሮ መኖሪያውን ለሚያዛውር ሰው ቢያንስ ስድስት ወር የተገለገለበትን መኪና ያለ ቀረጥ ታስገባለታለች። ግን ለነዳጅ የሚወጣውን ዶላርና የቤንዚን ሰልፉን ሳስብ የመንግሥት ምክንያት ይገባኛል። ለኤሌክትሪክ መኪና የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ቫት፣ ኤክሳይስና ሱር ታክሱን አንስቶ፣ ተገጣጥሞ ያለቀውን 15 በመቶ ቀረጥ፣ በከፊል የተገጣጠመውን 5 በመቶ፣ ተፈታትቶ የሚመጣውን ዜሮ አድርጎት ነበር። ከቦሌ ፒያሳ የወሰደኝ የራይድ ሾፌር ቢዋይዲ የተባለውን የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚነዳው። ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ከቆመ ቆይቷል፣ የሚያማርረው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ሒሳብ ላይ አልተጨቃጨቅንም፣ መልስም ቆጥሮ ሰጠኝ። የኮሪደሩ አስፋልት ደግሞ እንዴት ይለሰልሳል! ለቦክስተሯ ተብሎ የተነጠፈ ነው የሚመስለው። እሱ ነው የበለጠ ያበሸቀኝ።

ትራንዚተር ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ጉምሩክ ራሳችሁ ጠይቁ። "የተለየ ፈቃድ አለ" የሚላችሁን መመሪያውን አሳየኝ በሉት። የቲን ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ካልተቆረጠላችሁ ብር አትቁጠሩ።

ልጁን ብሬን መልስልኝ ስለው "ጋሼ፣ የተሠራበት ነው እኮ፣ ግማሹን እናያለን" አለኝ። ግማሹም አልመጣም። ከመሄዴ በፊት ሰነዶች ማረጋገጫ ሄጄ ውክልናውን ሻርኩት። ወረፋ ነበረ፣ ግን በቁጥር ይጠራሉ፣ ያለ አማላጅ ጨርሼ ወጣሁ። ብሩ ቢቀር ይቅር፣ ፊርማዬን እሱ እጅ ትቼ መሄድ አልፈለግኩም።