ለሁለት ቀን ግምገማ የከፈልነው ብር ያዋጣል?

ድሬዳዋ መጋላ አካባቢ የግንባታ ዕቃ እንሸጣለን፣ ሐረርም አንድ ቅርንጫፍ አለን። አምና የገዛነው የስቶክ ሶፍትዌር ገንዘባችንን በልቶ ቁጭ አለ። ሲያሳዩን ያምር ነበር። መብራት ሲሄድ ግን ሰርቨሩም አብሮ ይሄዳል፣ ሲመለስ የጠዋቱ ሽያጭ የለም። ስንደውል "ኔትወርካችሁ ነው" ይሉናል። ስማቸውን አልጠራም፣ ውሉን ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ሶፍትዌር የሚሠራልን ሌላ ባለሙያ ስናገኝ፣ ቀብድ ሳንሰጥ በፊት የሶፍትዌር ንድፍ የሚገመግሙ ሁለት ልጆች ከከዚራ አመጣን። የሚሠሩበት ዘዴ ኤታም (ATAM) ይባላል፤ አንዱን ስታገኝ ሌላውን የምታጣበትን ቦታ ከንድፉ ላይ ፈልጎ የሚያወጣ ነው። ያወጣው ፒትስበርግ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ኢንስቲትዩት ነው፤ ተቋሙ በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ ነው። የጦር መሣሪያ ገዢዎች ነገር ለሚስማርና ለቆርቆሮ ምን ያደርጋል ብዬ ስቄ ነበር። ለካ ጣጣው አንድ ነው፦ ገዢ የሚያየው ስክሪኑን ነው፣ ኪስ የሚያራቁተው ስህተት ያለው ከሥር ንድፉ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚታወቀው ሁሉም ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው።

የወደድኩት አጠያየቃቸውን ነው። "ፈጣን ይሁን" ስል ልጅቷ አልጻፈችውም። ማን፣ ምን ሲያደርግ፣ በምን ሁኔታ፣ የትኛው ክፍል ላይ፣ ሲስተሙ ምን ይመልስ፣ በምን ይለካ፤ ስድስቱንም ከአፌ አወጣች። አባቴንም "አንተ፣ መብራት ሲሄድ በምን ትሸጣለህ?" አለችው። ድሬ አንቱታ ስለማያውቅ ማንም አልደነገጠም።

ከዚያ ባለሙያውን አፋጠጡት። ሽያጩ በየሱቁ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ ኔትወርክ ቢጠፋም እንሸጣለን፣ ግን ድሬና ሐረር ያቺኑ የመጨረሻ ጥቅል ሽቦ ለሁለት ሰው ሊሸጧት ይችላሉ። ሁሉም አንድ ሰርቨር ላይ ከሆነ ይሄ አይመጣም፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሁለቱም ሱቆች እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ሰውዬው ሁለቱንም ያለ ችግር አደርጋለሁ ብሎን ነበር። እዚህ ጋ ዝም አለ። የመጀመሪያውን መረጥን፣ ውሉ ላይም አንድ ነገር አስገባን፦ ሽያጭ እየተሠራ ሶኬቱን እንነቅላለን፣ አንድ ደረሰኝ ከጠፋ ቀሪው ክፍያ የለም።

የማይመቸው፣ ሪፖርታቸው የባለሙያ ቋንቋ ስለበዛበት ለአባቴ እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። ኮዱንም አያዩም፣ ንድፉን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ቀን ደግሞ ከምሳ በኋላ አድርገነው በዚያ ሙቀትና በበርጫ ሰዓት ግማሹ ሰው ሹልክ አለ።

ከአምስት አራት። ስትቀጥሯቸው ሁለቱንም ቀን ጠዋት አድርጉት።